ካዛብላንካ ላይ "በሜዳችን" ተሸነፍን (መጋቢት 2017)

ጦሳ_ስር፦
ሰላም የወሎ ልጆች። እንቅልፍ እምቢ ያለው ካለ እዚህ ይምጣ፤ ብቻዬን መናደድ ሰልችቶኛል።

ትናንት ሌሊት ደሴ፣ አራዳ ያለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት ታጭቀን ነበር። ረመዳንና ዐቢይ ጾም የተገናኙበት ወር አይደል፣ ግማሹ ሰው ከተራዊህ መልስ ነው የመጣው፣ ግማሹ ሽሮውን በልቶ። ወንበር አልበቃም፣ ጀሪካን ገልብጦ የተቀመጠም ነበር። የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ። በፕሮግራሙ ላይ ባለሜዳዎቹ እኛ ነን። ሜዳው ያለው ግን ካዛብላንካ ነው። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፣ 2 ለ 0። መጀመሪያ ሳላህ፣ ቀጥሎ ዚዞ፣ ሁለቱም ከእረፍት በፊት።

በግብፅ መሸነፉን ችለን ኖረናል። እኔን ያቃጠለኝ ልጆቹ ገና ከጅምሩ እንግዳ መምሰላቸው ነው። ኳስ ሲነጥቁ የሚጮህላቸው የለም፣ ሲሳሳቱ እንኳ የሚያፏጭባቸው የለም። ሁለት ከገባብን በኋላማ ኳሷ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ጎን። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ "ይቺን ኳስ ወደፊት መውሰድ ሐራም ነው እንዴ?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ባሕር ዳር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተጫወትነው መስከረም 2014 ነው፣ 3 ለ 1 ተሸንፈን። ከዚያ ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ሜዳውን አገደ። ከወር በኋላ የጋናን "የሜዳችንን" ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄደን ተጫወትን። ለጊዜው ነው ብለን ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነን፤ ማላዊ፣ ታንዛኒያ፣ ኮትዲቯር፣ ሞሮኮ። አንድ ሕፃን ያኔ ቢወለድ አሁን አፉን ፈቶ "ዋልያ ለምን አገሩ አይጫወትም?" ብሎ ይጠይቅ ነበር።

እስቲ ንገሩኝ፣ ሜዳ የሌለውን ቡድን "ከሜዳው ውጭ ተሸነፈ" ብለን እንዴት ነው የምንቆጣው? ተናድጃለሁ፣ በማን ላይ እንደሆነ ነው የጠፋኝ።

የሃይቁ፦
አቦ አታላዝንብን። ሊሎንግዌን ረሳኸው? ሰኔ 2014፣ ይቺው ግብፅ፣ ያኔም ባለሜዳ ተብለን፣ ሜዳው ማላዊ። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ፣ 2 ለ 0፣ እሱም ከእረፍት በፊት አለቀ። ያኔ ከወሎ አውቶብስ ተከራይቶ ሊሎንግዌ የሄደ ደጋፊ ነበር እንዴ? ያኔም ሆቴል አድረው ነው የተጫወቱት። ሜዳ የለንም የምትለው ነገር ሲያሸንፉ አይነሳም፣ ሲሸነፉ ብቻ ነው የሚነሳው። ባለፈው ኅዳርም ኪንሻሳ ድረስ ሄደው ዲ.አር. ኮንጎን 2 ለ 1 አሸንፈው መጥተዋል። ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ! ስለዚህ መቻሉን ይችላሉ። ሲያሰኛቸው ነው የሚጫወቱት።

ቀዩ_ከሰኞ_ገበያ፦
ሊሎንግዌ ላይ ሳላህ አልነበረም። ይሄንን ማንም አያነሳም።

ጦሳ_ስር፦
ቆይ፣ አንተ ነህ እንዴ ትናንት ሳላህ ሲያገባ ያጨበጨብከው?

ቀዩ_ከሰኞ_ገበያ፦
አላጨበጨብኩም። እጄ ነው የተነሳው። ወላሂ እኔ አላዘዝኩትም። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ እሱ ሲያገባ ስነሳ ከርሜ በአንድ ሌሊት እንዴት ልርሳው? ሊቨርፑልን እየመራ ያለው እሱ ነው። ወዲያው ትዝ ሲለኝ ራሴን ያዝኩ፣ "ወይኔ አገሬ" ብዬ። ማን ሊያምነኝ። ባለቤቱ አስወጥቶኝ ሁለተኛውን አጋማሽ በረንዳ ላይ ቆሜ በመስኮት ነው ያየሁት። የደሴን የመጋቢት ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ ጋቢም አልያዝኩም ነበር።

የኮምቦልቻዋ፦
የቤቱ ባለቤት እጁ ይባረክ። እኔ ብሆን በመስኮቱም አላሳይህም ነበር 😂

ቁም ነገሩን ልናገር። ሁላችሁም ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ታወራላችሁ፣ ሊጋችንስ? ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ ከተማ ከተማ እየዞረ ነው የሚካሄደው። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያለ። ሁሉም ክለብ አንድ ከተማ ይሰበሰባል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ተራ በተራ ይጫወታል፣ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቀጣዩ። ለቴሌቪዥን ሥርጭት ይመቻል፣ እሱን አልክድም። ካሜራውና መብራቱ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ክለቡም በየሳምንቱ አውቶብስ ውስጥ አያድርም። ግን አስቡት፣ አንድ ተጫዋች ለክለቡ በሜዳው አይጫወትም፣ ለአገሩም በሜዳው አይጫወትም። ታዲያ በገዛ ሰው ፊት መጫወትን የት ይልመደው? ከሕዝቡ ፊት እያላበው፣ "ና ግባ!" "ምን ነካህ!" እየተባለ ያላደገ ልጅ ካይሮ ላይ ሰባ ሺህ ሰው ሲጮህበት ምን ይሆናል ብላችሁ ነው?

ሆጤ_ያደግኩ፦
የኮምቦልቻዋ እውነት ብላለች። እኔ ትልቅ ደረጃ አልደረስኩም፣ በሰፈር ቡድን ደረጃ ነው የተጫወትኩት። ግን በሜዳህ መጫወትና ውጭ መጫወት ሌላ ነገር መሆኑን እግሬ ያውቀዋል።

ሆጤ፣ የደሴው ሜዳችን ላይ፣ ኳሷ የት ጋ እንደምትነጥር አውቃለሁ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የቱን ጎል እንደምንመርጥ እናውቃለን። ደግሞ የደሴ አየር ስስ ነው፣ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ቡድን ከእረፍት በኋላ ወገቡን ይዞ ሲቆም ታያለህ። እኛ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ በተራችን ሙቀቱ ይቀበለናል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ በሚኒባስ ዘፈን ሳያልቅ የምትደርስባት ከተማ። እዚያ ስንጫወት ግን ውሃ ውሃ እያልን ነበር የምንጨርሰው፣ ዳር ያለው ሰው ደግሞ "ብርዶቹ መጡ!" እያለ ይስቅብናል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እንዲህ ካደረገ ሞሮኮ ምን ያድርግ? ካዛብላንካ ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት። የእኛ ልጆች ሳንባ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ከፍታ ላይ ነው፣ እሱን ጥቅም በገዛ እጃችን ጥለን ነው የምንሄደው። ግብፆች አዲስ አበባ ወይ ደሴ ላይ ቢጫወቱ 70ኛው ደቂቃ ላይ ሳላህ ራሱ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርግ ነበር።

ቀዩ_ከሰኞ_ገበያ፦
ሳላህ አይደክምም።

የኮምቦልቻዋ፦
በረንዳህ ተመለስ።

ወልድያ_ነኝ፦
ቆይ ቆይ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ትላላችሁ፣ ወልድያን ማንም አያነሳም? ጥር 2009 የተመረቀው ስታዲየማችን ምን ሆነ? ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ያሠሩት፣ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ሁሉም መቀመጫ ወንበር ያለው። የተመረቀ ቀን እኔ ነበርኩ። ከራያ፣ ከላስታ፣ ከየጁ ሰው በእግሩ ሳይቀር መጥቶ ነበር። ያኔ ወልድያ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነበረች፣ 2009ንም 2010ንም ተጫውታ ነው የወረደችው። የዋና ከተማ ክለቦች እዚህ ሲመጡ ተጨንቀው ነበር የሚመጡት። አንድ ለባዶ ስንመራ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ላይ ሲጮህ የነበረውን ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ታዲያ ከውጭ አገር ሜዳ እየለመንን፣ ለሆቴልና ለአውሮፕላን ዶላር እየከፈልን የምንዞረው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ ያለው የአደይ አበባ ስታዲየም ከ2008 ጀምሮ እየተሠራ ነው፣ ስልሳ ሺህ ሰው ይይዛል ተብሎ። ገና ነው። ያለውን ትተን የሌለውን እንጠብቃለን።

ጦሳ_ስር፦
ወልድያ_ነኝ፣ አፌ ላይ ነበር፣ ቀደምከኝ። ወልድያ ላይ ግብፅን ማየት! ኧረ እኔ ሲርንቃ ላይ በድንኳንም አድር ነበር።

ሀቢብ_ከባቲ፦
እኔም ወልድያን እወዳታለሁ፣ ግን በስሜት ብቻ አይሆንም። ካፍ ስታዲየም ሲያይ ወንበር ብቻ አይደለም የሚቆጥረው። የሌሊት ጨዋታ የሚያስኬድ መብራት፣ ሣሩ፣ የሁለቱም ቡድኖችና የዳኞች መልበሻ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ የበር ቁጥጥር፣ ይሄ ሁሉ ይታያል። ከዚያ ደግሞ ከተማው። እንግዳው ቡድን የሚያርፍበት ደረጃውን የጠበቀ ሆቴል፣ ለልምምድ ሌላ ሜዳ፣ ሆስፒታል፣ አየር ማረፊያ። ግብፅ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ብታርፍ ወልድያ ለመድረስ ሐረጎን ወጥታ፣ ደሴን አልፋ፣ ሃይቅን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን አልፋ 140 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ትመጣለች። እኔ እንኳ በዚያ መንገድ ስሄድ ጠመዝማዛው ይጥለኛል።

ወልድያ_ነኝ፦
ጥሩ ነዋ! እነሱም ትንሽ ይዙርባቸው! እኛን ሲያዞሩን ማን አዘነልን።

ሀቢብ_ከባቲ፦
😂😂 እሱስ ልክ ነህ። ግን ከምር፣ ስታዲየም ከተሠራ በኋላ ጥገና ይፈልጋል። ሣር በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፣ መብራቱ፣ ቧንቧው፣ ወንበሩ ሰው ይፈልጋል። በዚያ ላይ ጦርነቱ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በዚህ አካባቢ ያለፈውን ሁሉ አስቡት። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል መልሶ ለማቆም ስንት ዓመት እየፈጀ ባለበት አገር የሜዳ ሣር ወረፋው ስንተኛ ነው? አልፈርድም። ግን ሃያ ሚሊዮን ጊዜ "ለምን ወልድያ አይሆንም" ከማለት ምን ምን እንደጎደለው ዘርዝሮ የሚነግረን አካል ቢኖር ደስ ይለኛል። ምን እንደቀረን ቢነገረን ሕዝቡ ራሱ ያዋጣ ነበር።

የሃይቁ፦
አሁንም ከጥያቄው ሸሻችሁ። ሜዳ ሜዳ ትላላችሁ፣ ጥቅምት 2006 ከናይጄሪያ ጋር የት ነው የተጫወትነው? አዲስ አበባ። ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ነበር። ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶን ነበር። በኃይሉ አሰፋ አግብቶልን እየመራን ሳለ ኢመኒኬ ሁለት አገባብንና 2 ለ 1 ተሸነፍን። ከፍታውም ነበረ፣ ሕዝቡም ነበረ፣ ሁሉም ነበረ። ከዚያ ካላባር ሄደን 2 ለ 0። ሜዳ ቢኖረንም ባይኖረንም የሚያሸንፈን ያሸንፈናል። ችግሩ ኳሳችን ላይ ነው፣ ሣሩ ላይ አይደለም። ታዳጊ ላይ አይሠራም፣ አሰልጣኝ ሳይጠና ይባረራል፣ አጥቂ የለንም። ካዛብላንካን ትታችሁ ይሄን ብታወሩ።

አያ_ሙሄ፦
ልጆች፣ አመሻችሁ? ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አንድ ነገር ልበል።

የሃይቁ፣ አንተ ልጅ ብልህ ነህ፣ ግን አንዱን ይዘህ አንዱን ጣልክ። ከናይጄሪያው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ 2005 መግቢያ ላይ ከሱዳን ጋር የሆነውን አስታውስ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጣን። አምስት ግብ! ዛሬ ቢሆን ይህ ክር ላይ ስንት ሰው ያለቅስ ነበር። ግን የመልስ ጨዋታው አዲስ አበባ ነበር። አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰይድ አገባ፣ 2 ለ 0። ድምሩ አምስት ለአምስት፣ ውጭ ያገባናቸው ሦስቱ ግቦች አሳለፉን። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ያን ዕለት ደሴ ላይ ፒያሳ መኪና አላልፍ ብሎ ነበር፣ እኔም በዚያ ዕድሜዬ ከሰው ጋር ስጨፍር ነበር፣ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ልጄ፣ ያኔ ውጭ ስንሸነፍ የመልሱ ጨዋታ አለ ብለን እንተኛ ነበር። አሁን የመልሱም ውጭ ነው።

ስለ ግብፅም ልንገራችሁ። ጥር 1954 የአፍሪካ ዋንጫን የበላነው እሷኑ 4 ለ 2 አሸንፈን ነው፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ። ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ ይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝ። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ አባቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ መንግሥቱ ወርቁን እንደ ዘመድ ነበር የሚጠሩት። ሰው የሚወደው ቡድን ያለበት ቦታ ሄዶ በዓይኑ ያየውን ነው። የእናንተ ልጆች ሳላህን ቢያጨበጭቡ አልፈርድም፣ በየሳምንቱ የሚያዩት እሱን ነው።

ቀዩ_ከሰኞ_ገበያ፦
አያ ሙሄ ዕድሜ ይስጥዎ። ከዚህ ክር ውስጥ የገባኝ ሰው አንቱ ብቻ ኖት።

የኮምቦልቻዋ፦
አያ፣ እሱን አያሞግሱብን፣ ይብስበታል።

ሆጤ_ያደግኩ፦
አያ ሙሄ ያሉት ነገር ገባኝ። ደግሞ ተጫዋቾቹ ላይ የሚያመጣውን አስቡ። ውጭ የሚጫወት ቡድን አቻን ያከብራል። "አንድ ነጥብ ይዘን እንሂድ" ብሎ ወደ ኋላ ይወርዳል። በሜዳው ግን ሕዝቡ አያስቀምጠውም፣ በግድ ወደፊት ይገፋዋል። እኛ ሁሌ ውጭ ስለሆንን ሁሌ ወደ ኋላ ነን። ጦሳ_ስር "ኳሷ ወደ ጎን" ያለው ከዚህ ነው የመጣው። ልማድ ሆኗል። ሕዝብ ቢኖር ከሦስተኛዋ የጎን ኳስ በኋላ የፉጨቱ ድምፅ ብቻ ኳሷን ወደፊት ያስልካት ነበር።

የሃይቁ፦
ይሄኛው አሁን ክርክር ነው። ልማድ ነው ካልክ እስማማለሁ። ግን ልማዱን አሰልጣኝ ሊሰብረው ይችላል፣ ካፍን መጠበቅ አያስፈልግም። ኪንሻሳ ላይ ሰብረውት ነበር እኮ።

ጦሳ_ስር፦
ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ጅቡቲን 6 ለ 1! ሞሮኮ ላይ! እስቲ ይሄን ጉድ እዩልኝ፤ እኛና ጅቡቲ፣ በባቡር የምንገናኝ ጎረቤታሞች፣ በረሃውን ሁሉ በአውሮፕላን ተሻግረን ሰሜን አፍሪካ ጫፍ ላይ ሄደን ተጫወትን። እነሱም እንደኛው ናቸው፣ ሜዳ የላቸውም። ከባቲ ቢነሳ በግመልም ቶሎ ይደረስ ነበር።

ሀቢብ_ከባቲ፦
ባቲን አትንካ፣ የሰኞ ገበያችንን አይተህ በኋላ ሂሳብ ትሠራለህ። ግን ስድስት ግብ ደስ ይላል። አጥቂ የለንም ያለው ሰውዬ የት ገባ?

የሃይቁ፦
አለሁ። ጅቡቲ ናት እኮ። ባለፈው ሰኔ ይቺው ጅቡቲ 1 ለ 1 አቻ አውጥታናለች፣ ስድስቱን ግብ አይታችሁ እሱን እንዳትረሱት። ከግብፅ ጋር አንዷን ብናገባት ኖሮ ከስድስቱ ይልቅ እሷን አከብር ነበር።

ወልድያ_ነኝ፦
አንተን የሚያስደስት ውጤት አልተፈጠረም አቦ። ስድስት ገብቶ የሚያኮርፍ ደጋፊ!

የኮምቦልቻዋ፦
እኔ ጨዋታውን አላየሁም፣ የእኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነበር። በስልክ ወንድሜ "ገባ" "ገባ" እያለ ሲነግረኝ አራተኛው ላይ ተኝቷል ወይ ብዬ ጠረጠርኩት 😂

ቀዩ_ከሰኞ_ገበያ፦
መልሱ ከግብፅ ጋር ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ ካይሮ። ባለቤቱ በሩን ይክፈትልኝ፣ እጄን በጋቢ አስሬ ነው የምመጣው።

ጦሳ_ስር፦
ካይሮ ላይ እንኳ ቢያንስ የማን ሜዳ እንደሆነ ይታወቃል። ሲጮህብን በሕጋዊ መንገድ ነው።

አያ_ሙሄ፦
ሽንፈቱን ከወዲሁ አትጥራው ልጄ። ገና ክረምቱም አልገባ። ለማንኛውም ነሐሴ መጨረሻ ላይ እኔም እመጣለሁ፣ ከግድግዳው በኩል ወንበር ያዙልኝ፣ ጀሪካኑ ላይ ወገቤ አይችልም።